አራት ከአምስት

ዕጣው ሲወጣባት ኑሃሚን ጎመን እየከተፈች ነበር። አምባሩ ክንዷ ላይ ሁለት ጊዜ ነዘረና፣ በዚያ በማይቸኩል ድምፁ፣ «እንኳን ደስ አለዎት! የሰፈርዎ ክሊኒክ ሚዛን ያዥ ሆነው ተመርጠዋል። ሥራው ሦስት ቀን ነው። እምቢ ማለት አይቻልም» አላት። እንኳን ደስ አለዎትን እና እምቢ ማለት አይቻልምን በአንድ ትንፋሽ አጣምሮ መናገር የሚችል አምባር ብቻ ነው። ኑሃሚን ቢላዋዋን አስቀምጣ «ምን በደልኩህ?» አለችው። 

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። የካቲት ሊያልቅ ምንም ያህል አልቀረውም፣ ሁዳዴ ገብቷል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ እንደ ድሮው ነው፤ እሱን ማንም ሊያዘምነው አልቻለም። በዚህ ዘመን ኑሃሚን፣ ሶሊያና፣ ባሮክ የሚባሉት ሁሉ ወይዘሮና አቶ ሆነው ጉልበታቸውን የሚያሹ ሰዎች ናቸው። ወጣቶቹ አጥናፉና የሻረግ ይባላሉ። ስም እንደ ቀሚስ ነው፤ አረጀ ተብሎ ይጣልና አንድ ቀን ተመልሶ ይለበሳል።

ሚዛን ያዥ የሚባለው ነገር የመጣው በሕዝቡ ይሉኝታ ነው። ቀድሞ ክሊኒክን የሚመዝነው ታካሚው ራሱ ነበር። ከበሩ ሲወጣ አምባሩ «አገልግሎቱን ከአንድ እስከ አምስት እንዴት ይመዝኑታል?» ይለዋል። ሰዉም አምስት ይላል። ሦስት ሰዓት የቆመው አምስት፣ የተመናጨቀው አምስት። ደህነኛው እግሩ ላይ ጀሶ የታሰረለት አንድ ሰውዬ ሳይቀር «ልጁ ደክሞት ነው» ብሎ አምስት ሰጥቶ እያነከሰ ሄዷል። የእንክብካቤ ሚዛን ቢሮ በአምስት ተጥለቅልቆ ምኑንም ከምኑ መለየት ሲያቅተው፣ ጥያቄውን ለይስሙላ ትቶት፣ በየዓመቱ አንድ የሰፈር ሰው በዕጣ እየጠራ የዓመቱን ምስል ማሳየት ጀመረ። ሚዛን ያዡ «ያልፋል» ካለ ክሊኒኩ ይቀጥላል። «ይወድቃል» ካለ ሐኪሙ በዚያው ቀን ይነሣና በቦታው ሳጥን የሚሉት የምርመራ ማሽን ይቆማል።

ሳጥኑን የማያውቅ የለም። ከብሎክ አምስት በቀር በአካባቢው ያሉት ክሊኒኮች ሁሉ ሳጥን ናቸው። ሳጥን አይሳሳትም፣ አያስጠብቅም፣ አይደብቅም። ውጤት በደረሰ በስልሳ ሰከንድ ውስጥ፣ ባለቤቱ የትም ይሁን የት፣ በአምባሩ ይነግረዋል። አምና የብሎክ ሦስቷ ሴትዮ አውቶብስ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ አምባሯ ጮክ ብሎ ዕጢው ክፉ መሆኑን ነገራት። ሰልፈኛው ምን ያድርግ፤ ተራውን ለቀቀላት። እሷም ከሁሉ ፊት ተሳፈረች።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ እንደ ወትሮው፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው ሶሊያና ናት። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ደረጃ ወጥተው ወርደዋል፤ ሶሊያና ባሏን ከቀበረች ወዲህ ደግሞ በየማለዳው ሁለቴ ታንኳኳለች፣ ኑሃሚንም ሁለቴ ትመልሳለች። ነጋ፣ አለሁ፣ አለሽ ወይ ማለት ነው። ልማዱ እጇ ውስጥ ገብቶባት ሶሊያና ከየትም ስትነሣ፣ ከጠረጴዛም ይሁን ከወንበር፣ ያገኘችውን ነገር ሁለቴ መታ መታ ሳታደርግ አትሄድም።

ደረጃው ላይ ተገናኙ። ሶሊያና ጉንጯን በሻርፕ አስራለች፤ ጥርሷን እያስተከለች ነው።

«እትዬ ኑሃ፣ ባለሥልጣን ሆንሽ አሉ!» አለቻት። ሶሊያና ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው ስለምትል፣ በሦስት ዓመት የምትበልጣትን ጓደኛዋን እትዬ እያለች ትጫወትባታለች።

«ተይኝ እስቲ። በልተሻል?»

«በየትኛው ጥርሴ? አጥሚት አለኝ፣ አይዞሽ። ይልቅ ዶክተሬን እንዳትጥይብኝ። ሳጥን ልብሴን አውልቂ ሲለኝ ማየት አልፈልግም።»

ሥራው ከክሊኒኩ በስተጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮትና ግድግዳውን የሞላ ምስል አለ። ከግድግዳው የሚናገረው ድምፅ ሚዛን ይባላል። አርባ አንድ ጥያቄ አለው። የታካሚው ፊት በጭጋግ ተሸፍኗል፣ ድምፁ ተፈጭቶ ወንዱም ሴቱም አንድ ዓይነት ሆኗል፣ የሚታወቀው ፆታው፣ ዕድሜውና ብሎኩ ብቻ ነው። ሳይሸፈን የሚታየው ዶክተር አጥናፉ ነው፤ ፀጉሩ የማይበጠር፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው ረጅም ልጅ።

ኑሃሚን ቀኑን ሙሉ አየችው። ማዳመጫውን ሰው ደረት ላይ ከማድረጉ በፊት ብብቱ ውስጥ ያሞቀዋል። አንዱን ሽማግሌ ስለ ባቄላ ማሳው ጠየቀው፤ ሽማግሌው ስለ ባቄላው ሲያወራ ማታ ማታ እንደሚያልበው አመለጠው፤ በሽታው የተገኘው በዚያ ነው። ሚዛን «ከጤና ውጭ የሆነ ንግግር፣ አራት ደቂቃ። ብክነት ተብሎ ይመዝገብ?» አለ።

«አይመዝገብ» አለች ኑሃሚን። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚለውን ለግድግዳ ማስረዳት አልቻለችም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ተከፈተ። ታማሚው ውጤቱን በወቅቱ ሰምቷል? ሰባት ፋይሎች ቀይ ሆነው መጡ። ሰው ሐኪም ያለው ክሊኒክ ውጤቱን ከአምባር አግዶ በአፍ የመንገር መብት አለው፤ አለመንገር ግን መብት የለውም። ዶክተር አጥናፉ ሰባት ሰው «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ሸኝቷል። ከዚያ የሰውየውን ወንድም ወይም ልጅ ለብቻው ይጠራል። ወንድምየው ሽማግሌ ይሰበስባል። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በሩ ላይ ይቆማሉ። እንደ መርዶ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሟቹ ራሱ በሩን መክፈቱ ነው። ስድስቱ ፋይሎች በዚህ መንገድ ተዘግተዋል፤ ሁሉም በሁለት ሳምንት ውስጥ።

ሰባተኛው አልተዘጋም። ሴት፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ ብሎክ አምስት። የቆሽት ካንሰር። ከሦስት ወር አይበልጥም። ውጤቱ የደረሰው ጥር አሥራ ዘጠኝ፤ ድፍን አርባ ቀን ሆኖታል። ለባለቤቷ አልተነገረም።

ኑሃሚን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከጥምቀት ማግስት የብሎኩ ሴቶች ሁሉ ለዓመታዊ ምርመራ ደም ሲሰጡ እሷም ሰጥታለች። በሳምንቱ ሄዳ ዶክተር አጥናፉ «ሁሉም ደህና ነው፣ እትዬ» ብሏታል።

ፋይሉን ከፈተችው። ጭጋግ የለበሰች ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዶክተሩ «ሁሉም ደህና ነው» አለ። የተፈጨው ድምፅ «ተመስገን» አለ። እሷም የዚያን ዕለት ያንኑ ነበር ያለችው፤ ደግሞስ ሌላ ምን የሚል ሰው አለ? እስከ መጨረሻው ልታየው አልቻለችም። አጠፋችው። 

ቤት ስትገባ ባሏ ባሮክ ሰሃን እያጠበ አገኘችው። ባሮክ በትዳር ዘመኑ ያጠበው ሰሃን ቢኖር ወታደር ቤት ሳለ የበላበትን ነው።

«ምን ሆንክ?»

«ምን እሆናለሁ? አንቺ ውለሽ ደክሞሽ እኔ ተኝቼ ላይሽ?»

ጓዳው በር ላይ ልጇ የሻረግ ቆማለች። የሻረግ የምትሠራው ድሬዳዋ ነው፤ ለፋሲካ ካልሆነ አትመጣም። «እማ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና ከልክ በላይ ቆየች። ዕረፍት ተርፏት እንደሆነ ተናገረች። ኑሃሚን የልጇን ዓይን አየችው፤ ያበጠ ነው።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር። ኑሃሚን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ካሌብ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ደረጃ ወጥተው ደህንነቷን ጠይቀዋል፤ እኒያ ሰውዬ መዋጮ ካልቀረ በቀር ደረጃ አይወጡም። ባሮክ ባለፈው እሑድ፣ ያለምንም ምክንያት፣ የሠርጋቸውን ምስል ከፍቶ ሲያይ ነበር። ገበታ ላይ ሲቀመጡ ሁለቱም ወጡን ወደሷ ገፉላት። የምትበላው ሁሉ ጭራሮ ሆነባት። ሆዷን ነካ አደረገችው፤ አንድ ነገር የወጋት መሰላት፤ ደግሞ ተወት ሲያደርጋት የባሰ ፈራች።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግድግዳው ሲንኳኳ ሁለቴ መልሳ ወዲያው ወደ ባሮክ ዞረች።

«እኔ ነኝ አይደል?»

«ምኑ?»

«ባሮክ፣ እኔ ፋይሉን አይቼዋለሁ። ሞቼ ልታለቅስ ነው ወይስ ሳለሁ ልትነግረኝ ነው?»

የባሮክ ፊት አመድ መሰለ። «አንቺ አይደለሽም» አለ። «ማርያምን አንቺ አይደለሽም፣ ኑሃዬ።»

«ታዲያ ማናት?»

ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።  እንዴት ትመነው? እናቱ ታማ በነበረ ጊዜ እሱ ራሱ አይደለም እንዴ፣ በዚያችው በማርያም እየማለ፣ «ጉንፋን ነው እማዬ» ሲላቸው የከረመው? ያን ጊዜ ኑሃሚን አጠገቡ ቆማ «አዎ ጉንፋን ነው» ብላለች። እንግዲህ በፍቅር ሲዋሽ በኖረ ቤት «ደህና ነሽ» የሚለው ቃል ምን ዋጋ አለው? የሚድነውም የሚሞተውም የሚሰማው አንድ ቃል ነው።

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ዶክተር አጥናፉን አገኘችው። ሚዛን ያዥ ከሐኪም ጋር ስለ ፋይል መነጋገር አይፈቀድለትም። ያም ሆኖ እጁን ያዘችው።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ?»

ወደ አምባሯ አየ። ከዚያ ወደ ዓይኗ። «እትዬ ኑሃሚን፣ እርስዎ ደህና ነዎት» አላት፣ ቀስ ብሎ።

ወደ ክፍሏ ገብታ የስድስቱን ፋይሎች ድምፅ በተራ ሰማች። «እርስዎ ደህና ነዎት። እርስዎ ደህና ነዎት።» ያው ቃል፣ ያው ቀስታ፣ ያው ዓይን። ስድስቱም ተመስገን ብለው ወጥተዋል፤ ከስድስቱ አራቱ ዛሬ የሉም። ኑሃሚን ወንበሩ ላይ ተኮማትራ ቀረች። እንዲህ ያለ ፍርሃት በዕድሜዋ አታውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታለች፤ ሰው ለደበቀለት ግን ተረት እንኳ አልተተረተለትም።

«ሚዛን» አለች።

«አቤት።»

«ይወድቃል ብል፣ ያልተነገሩት ውጤቶች ምን ይሆናሉ?»

«በዚያው ሰዓት በአምባር ለባለቤቶቻቸው ይነገራሉ።»

«ያልፋል ብልስ?»

«ፋይሎቹ ይታሸጋሉ። ሚዛን ያዥ ያየውን ሁሉ ለማንም አይናገርም።»

መንገዱ ይኸው ነበር። አንድ ቃል ትበል፣ አምባሯ ይናገራል፤ ወይም ዝም ይላል። ዝም ካለ ትድናለች። ለዚህ ግን ማዳመጫ በብብቱ የሚያሞቀው ልጅ ሊሄድ ነው፣ ባቄላ ያለው ሽማግሌም ከእንግዲህ ስለ ባቄላው የሚጠይቀው አያገኝም። ነገሩን ቀኑን ሙሉ አገላበጠችው። ማታ ስትወጣ ወስናለች። ሰው በገዛ ሞቱ ላይ ይሉኝታ የለበትም አለች ለራሷ፤ ማፈሯን ግን አልተወችም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሩብ ሲቀረው፣ አርባውን ጥያቄዎች መልሳ አሥራ ሰባተኛው ብቻ ቀርቷት ነበር። «አልሰማም» ካለች ክሊኒኩ ወዲያው ይወድቃል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ግን እስከ ዛሬ ጨርሳ ያላየችው ነገር መኖሩ ከነከናት። እኔ ከሆንኩ የራሴን ልየው ብላ ሰባተኛውን ፋይል ከፈተች።

ሴትዮዋ ተቀምጣለች። «ሁሉም ደህና ነው።» «ተመስገን።» ዶክተሩ ወረቀት አነሣ፣ አስቀመጠ። ሴትዮዋ ሻርፗን አስተካከለች፣ ተነሣች፣ ከመዞሯም በፊት ጭጋግ በለበሰ እጇ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችው። ሁለት ጊዜ።

ሚዛን ፊቷን ሸፍኗል፣ ድምፅዋን ፈጭቷል። እጇን ግን ምን እንደሚናገር ስላላወቀ ትቶታል።

«ተመስገን!» አለች ኑሃሚን። አፏ ነው ያለው፤ አፏን አልከለከለችውም። ፀሐይ መስኮቱ ላይ መኖሯን በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

«እንደ አድናቆት ልመዝግበው?» አለ ሚዛን።

ያን ጊዜ ያለችውን ሰማችው። ሶሊያና። ሻርፕ ያሰረችው፣ አጥሚት የምትጠጣው፣ ቀሚሷ የሰፋት ሶሊያና። ሃምሳ አምስት ነኝ እያለች ሠላሳ ዓመት እትዬ ስትላት የኖረችው ውሸታም። ጓደኛዋ ዓይኗ ሥር ስታልቅ ኑሃሚን የገዛ ሆዷን ስትዳብስ ነበር፤ አሁን ደግሞ ተመስገን አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አፍና አለቀሰች። በሰው ሞት እፎይ ከማለት የሚብስ ኃፍረት የለም።

ምስሉ አልቆመም ነበር። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ዶክተር አጥናፉ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ቆየ። ሁለቴ የተመታችው ቦታ ላይ ነበር የደፋው።

«አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ» አለ ሚዛን። «ሰምታለች ወይስ አልሰማችም? አራት ደቂቃ ቀርቷል።»

ሶሊያና በዚህ ሰዓት ጉሊት ላይ ናት፤ ጎመን አንስታ ታስቀምጣለች፣ ከሻጯ ጋር ትሟገታለች። አልሰማችም ቢባል አምባሯ እዚያው ይጮኻል፣ ተራ ይለቅቁላታል።

«ሰምታለች» አለች ኑሃሚን።

«ተመዝግቧል። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታማሚዋ ራሷ በአምባሯ ትጠየቃለች። መልሱ የማይመሳሰል ከሆነ ክሊኒኩ ይወድቃል።»

እየሮጠች ወጣች። ዶክተር አጥናፉ እጁን እየታጠበ ነበር። «አንተ ልጅ» አለችው፣ ከልክ በላይ ጮክ ብላ፣ «ሶሊያና ናት!»

ውሃውን ዘጋው። አልካደም። «ዘመድ የላቸውም፣ እትዬ። ማንን ልጥራ? ከእርስዎ ሌላ ማን አላቸው? ለእርስዎ መንገር ደግሞ ራሱ መርዶ ሆነብኝ። አቶ ባሮክን ጠየቅሁ፤ ልጃችን እስክትመጣ ጠብቀን፣ ኑሃሚን ብቻዋን አትሸከመውም አሉኝ። ከዚያ ዕጣው ለእርስዎ ወጣና አፌ ተዘጋ።»

«አርባ ቀን ሙሉ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም! እኔ ሦስት ቀን ነው የቀመስኩት። እግዜር ያሳይህ፣ ሦስት ቀን! ሰው ፊት ባየሁ ቁጥር ሞቴን ስፈልግበት ነበር።» ድምጿ ወደቀ። «መልካም ሐኪም ነህ፤ አይቼሃለሁ። ግን ያደረግከው መልካም አይደለም። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ደረጃው ላይ ሁን።»

ከክሊኒክ ስትመለስ ባሮክ ሰሃን ሊያጥብ ተነሣ። «ተወው» አለችው። «ማን እንደሆነች አውቄያለሁ።» የሻረግ ማልቀስ ጀመረች፤ ባሮክም ተቀመጠ። ማታውኑ አቶ ካሌብን አስጠሯቸው።

ጎህ ሲቀድ ኑሃሚን አልጋዋ ጠርዝ ላይ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ውጭ ደረጃው ላይ ባሮክ፣ የሻረግ፣ አቶ ካሌብና ዶክተር አጥናፉ ቆመዋል፤ እስትንፋሳቸው በብርዱ ይጨሳል። ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

እጇን አነሣች። አለሁ፣ አለሽ ወይ። እንደ ትናንቱ ብትመልስላት አንድ ሌላ ውሸት ሊሆን ነው። እጇን ጭኗ ላይ መለሰችው።

ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው እንደገና ተንኳኳ፣ ጠንከር ብሎ። ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ የሶሊያና በር። ኑሃሚን ተነሥታ ወጣች።

«ኑሃ! እጅሽን ምን ነካብኝ?» ሶሊያና በሹራብና በሌሊት ልብስ ናት። ከዚያ ከኋላዋ ያሉትን አየች፤ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ወደ መሬት የተደፉ ዓይኖች። በዚህ አገር ሰው በዚህ ሰዓት በር ላይ ለምን እንደሚቆም ሕፃንም አይጠፋውም።

«ማን ሞተ?» አለች።

 ሶሊያና በሐሳቧ ሰው ስትፈልግ ይታይ ነበር። «እኔ እኮ የሚሞትብኝ ሰው የለኝም» አለች፣ እንደ መደነቅ ብላ። «ያለሽኝ አንቺ ነሽ፣ አንቺም ይኸው ቆመሻል።» ዓይኗ በተራ ሄዶ ሄዶ ዶክተር አጥናፉ ላይ ደረሰ። ሐኪም ለመርዶ አይመጣም። የበሩን መቃን ያዘች።

«አሃ» አለች።

«ግቢ ሶሊዬ፣ እንቀመጥ።»

አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ሌሎቹ በር ሥር ቆሙ። ኑሃሚን እጇን ይዛ ነገረቻት። የቱ ጋ እንደሆነ፣ ስሙን፣ ስንት ወር እንደሚሉ ነገረቻት። ከወሩ ላይ ስንት ቀን እንደሄደና ያንን የሚያውቁት እነማን እንደነበሩም አልደበቀችም። ተመስገን ማለቷንም ነገረቻት።

 ሶሊያና የሌሊት ልብሷን ወገቧ ላይ ጨበጠችው፤ ጨርቁ በእፍኟ ሞላ።

«አርባ ቀን» አለች በመጨረሻ። ወደ ዶክተሩ ቀና አለች። «እኔ እኮ በዚህ አርባ ቀን ውስጥ ስድስት ጥርስ አስተከልኩ! ድዴ እየተበሳ፣ እያለቀስኩ! ምነው ብትነግረኝ፣ ልጄ፣ ድዴን ባልተበሳሁ?»



«ፋይሉ ላይ ሃምሳ ስምንት ነው የሚለው?» አለች ወደ ኑሃሚን ዞራ።

«አዎ።»

«እሱንም አወቅሽብኝ!» ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፤ ኑሃሚን አቅፋት አብራት አለቀሰች፣ የሻረግም በር ሥር። አቶ ካሌብ ፊታቸውን ወደ ደረጃው መለሱ።

አንድ ሰዓት ሞላ። የሶሊያና አምባር ሁለት ጊዜ ነዘረ።

«እንደምን አደሩ? የምርመራ ውጤትዎን ሰምተዋል?»

ሶሊያና ፊቷን በእጇ ጠረገች። «ሰምቻለሁ።»

«ተረጋግጧል። ክሊኒኩ አልፏል። ለተቀበሉት አገልግሎት ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሰጣሉ?»

ባሮክ ትንፋሹን ለቀቀ። ይህች ጥያቄ ለወግ ናት፤ መልሷን ሁሉም ያውቀዋል። ሶሊያና ግን ረጅሙን ልጅ፣ ያልተበጠረ ፀጉሩን፣ የቀላ ዓይኑን ቆም ብላ አየችው።

«አራት» አለች። «አንዷን ለአርባው ቀን ቀንሻለሁ።»

አምባሩ እንደገና ነዘረ።

«ይቅርታ፣ አልተሰማም። አምስት ማለትዎ ነው?»

ሶሊያና ክንዷን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አራት ነው ያልኩህ» አለችው።